ሁለት ጊዜ ያልተቆጠረ ሰው

ሰኞ፣ ጥር 5

ዛሬ ከፍርድ ቤት ደብዳቤ መጣ። ልብስ ሰፊው ከሶናል። «ከሶናል» ስል እኔም አለሁበት፤ የሱን ካርድ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ደብተር የማነሳው ለሰው የማልናገረው ነገር ሲያስጨንቀኝ ብቻ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የጻፍኩት ባሌ መኪና ገልብጦ ሆስፒታል የተኛ ሰሞን ነበር። ዛሬ ምን እንዳስነሳኝ እንጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊው አምስት ዓመት የተፈረደበት ሰው ነው። በማረሚያ ቤታችን የስፌት ክፍል የጠባቂዎቹን የደንብ ልብስ ይሰፋል። የሚፈታበት ቀን ካርዱ ላይ መጪው ግንቦት 3 ተብሎ ተጽፏል። እሱ ደግሞ «መፈታት የነበረብኝ ባለፈው ሰኔ 11 ነው፤ ሰባት ወር ያለ ሕግ ታስሬያለሁ፤ አካሌ ነጻ ይውጣልኝ» ብሎ አመልክቷል። በገዛ እጁ ጽፎ፣ ያለ ጠበቃ። ፍርድ ቤቱም «ጥር 20 ሰውየውን ይዛችሁ ቅረቡ፤ በምን ሕግ እንደያዛችሁትም አስረዱ» ብሎናል።

ድንቄም! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ መዝገብ ቤት ተቀምጬ የሰው ቀን ስቆጥር አንድም ቀን ተሳስተሻል የተባልኩበት ጊዜ የለም። ጡረታ ልወጣ አሥራ አራት ወር ሲቀረኝ ልብስ ሰፊ ቁጥር ሊያስተምረኝ!

አንድ የጻፈው ነገር ግን ከሆዴ አልወጣ አለ። «አንድ እጅጌ ከመቁረጤ በፊት ሁለት ጊዜ እለካለሁ። የኔን ቀን ሁለት ጊዜ የለካው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም» ይላል። ነገረኛ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ጠዋት ካርዱን አወጣሁት። ጽሑፌ ያምራል። ይህን ለመመካት አይደለም፣ ሰዉ ሁሉ የሚለው ነው።

አሠራራችን ግልጽ ነው። እስረኛ ሲገባ አንዱ ሠራተኛ ፍርዱንና አብሮ የመጣውን ወረቀት አንብቦ የመፈቻውን ቀን በእርሳስ ይጽፋል። ሌላው የፊተኛውን ሳያይ ከመጀመሪያው ተነስቶ ለብቻው ይቆጥራል። ሁለቱ ከተገናኙ በቀለም ይጻፍና ሁለቱም ይፈርማሉ። ሁለተኛው ቆጣሪ ምንጊዜም ድርቤ ነው። እውነተኛ ስሙ ሌላ ነው፤ የተቆጠረውን ደርቦ ስለሚቆጥር ግቢው በሙሉ ድርቤ ይለዋል፣ እሱም ወዶት ቀረ።

ካርዱ ላይ ሁለቱም ፊርማዎች አሉ። የኔም የድርቤም።

ድርቤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ካርዱን አስጠግቶ ብዙ አየው።

«ይህን መቁጠሬ ትዝ አይለኝም» አለ።

«በሳምንት ስንቱን ትቆጥራለህ! አምስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ትዝ ይበልህ እንዴ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» ብሎ ሳቀ። ካርዱን ግን ቶሎ አልመለሰልኝም።

ካርዱ በተጻፈበት ዓመት ግንቦት የድርቤ ሚስት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አንድ ቀን ይገባል፣ አንድ ቀን ይቀራል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ እኔም ሥራው እንዳይጓደልበት የምችለውን ሁሉ ሸፍኜለታለሁ። ይህን እዚህ ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥር 8

እህትየው መጣች። የልብስ ሰፊው እህት ማለቴ ነው። የምትሠራው ዳቦ ቤት ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ከፈረቃዋ ስትወጣ በቀጥታ ወደኛ ነው የምትመጣው፤ ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ዱቄት አለ። መስኮቴ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብላ ነው የምታናግረኝ።

«እትዬ፣ እናታችን ታማለች። ልቧ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ለሱ ስንት ጊዜ ነው የቀረው?»

«ግንቦት 3 ነው የሚወጣው።»

«ግንቦት ድረስ እንጃላት።»

«ልጄ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም። ካርዱ የሚለውን ነው የምነግርሽ።»

«ካርዱን ማነው የጻፈው?»

«መዝገብ ቤቱ» አልኳት።

መደርደሪያው እጅ ያበቀለ ይመስል! አመስግናኝ ሄደች። ፊት የነሳኋት ሰው ሲያመሰግነኝ አልወድም።

እሑድ፣ ጥር 11

ዛሬ ቤት ነኝ። ባሌ አንካሳ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ሬዲዮ ይሰማል። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ አሁን የሚነዳው የሬዲዮኑን ቁልፍ ነው። «የሰው ቀን ስትቆጥሪ የኔን የሐኪም ቀጠሮ ረሳሽው» ብሎ አሾፈብኝ። እውነት ነው፣ ዓርብ ነበር፤ ረስቼዋለሁ። እኔ ቀን ስረሳ!

ልብስ ሰፊው ባለፈው ሰኔ መስኮቴ ላይ መጥቶ ነበር። ይህን ማንም አያውቅም። ጠባቂው አጠገቡ ቆሞ፣ እሱ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ቀኔ የደረሰ መሰለኝ፤ ቢያዩልኝ» አለኝ። በትሕትና ነው የጠየቀኝ። እኔ ቀና ብዬም አላየሁት። «ካርዱ የሚለው ነው» አልኩት። «ካርዱ ከምን ተነስቶ ነው የሚለው?» አለ። «ሥራህን ሥራ» አልኩት። ያን ቀን ራሴን አሞኝ ነበር፣ ወረፋውም ረጅም ነበር፤ ሰው ሁሉ ቀኔ ደርሷል ይላል። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ይሳሳታል።

አንዱስ? አንዱን ለማግኘት መቶውን ማየት ነበረብኝ። ሥራዬ እሱ ነበር።

ፍርዱ የተያዘበትን ቀን አይጠቅስም። «ቅጣቱ ከታሰረበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል» ይላል፣ አለቀ። መጀመሪያ የታሰረው ሌላ ማረሚያ ቤት ነበር፤ ከተፈረደበት በኋላ ነው ወደኛ የተዛወረው። እንግዲህ የታሰረበት ቀን የሚገኘው ከዝውውር ቅጹ ላይ ነው። ቅጹ ደግሞ ማህደር ክፍል ነው። ሄዶ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ አልሄድኩም።

ሮብ፣ ጥር 14

ማህደር ክፍል ገባሁ። ከሌሎች ማረሚያ ቤቶች የመጡት ወረቀቶች በሲባጎ ታስረው ከታችኛው መደርደሪያ ነው ያሉት። ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ካርቶን አንጥፌ መሬት ተቀመጥኩ። አቧራው አስነጠሰኝ።

አንድ ቅጽ አገኘሁ። ስሙ የልብስ ሰፊው ስም ነው። ሞክሼ ሊሆን ይችላል። የአባቱም ስም ያው ነው። የአያቱም።

ከላይ በትልቁ «የተዛወረበት ቀን፣ ግንቦት 3» ይላል። ከታች በደቃቅ ጽሑፍ «መጀመሪያ የተያዘበት ቀን፣ ሰኔ 11» ይላል፤ ያውም የፊተኛው ዓመት ሰኔ። በሁለቱ መካከል አሥራ አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ነው የሚጎድለው። ከላይኛው ቀን አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ተደርጓል። ቀይ እስክሪብቶ ያለው ሰው ብዙ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። እዚያ ቢቀር እርጥበት ይበላዋል ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። የመሥሪያ ቤት ወረቀት ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ነው። ይህን ደንብ ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስተምረው እኔ ነኝ።

እራት አልበላም አልኩ። ባሌ «ምን ነካሽ?» አለ። አቧራ ነው አልኩት።

ዓርብ፣ ጥር 16

ኃላፊው ለፍርድ ቤት የሚሄደውን መልስ አስጻፈኝ። ወጣት ነው፣ ክራቫቱን ሲያስተካክል ነው የሚውለው። «በሕጋዊ ፍርድ የተያዘ እስረኛ ስለሆነ አቤቱታው ውድቅ ይደረግልን።» ሦስት መስመር።

«እትዬ፣ ከካርዱ ሌላ ወረቀት የለንም አይደል?»

«ማህደር ክፍል ገብቼ ፈልጌያለሁ።»

«ጎበዝ» ብሎ ፈረመ።

መፈለጌስ እውነት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ፍርድ ቤት ዋልን። ከሕግ ክፍል አንድ ሰው፣ መዝገብ ያዥ ተብዬ እኔ፣ ሁለት ጠባቂዎች፣ ልብስ ሰፊው። ችሎቱ ጠባብ ነው፤ የእንጨቱ አግዳሚ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ሰው በተነሳ ቁጥር ይወዛወዛል። ዳኛዋ በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። መጀመሪያ የተናገረችው «ካቴናውን አውልቁለት» የሚል ነው።

ልብስ ሰፊው ወረቀት አልያዘም። «ክብርት ዳኛ፣ የተያዝኩት ሰኔ 11 ነው። የስፌት ቤቴን መስኮት እየዘጋሁ ነበር። ጥፋቴን አልካድኩም፣ የተፈረደብኝን ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ቀን የማን እንደሆነ ነው የምጠይቀው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

የኛ ሰው ካርዱን አቀረበ። ዳኛዋ ገልብጣ አየችው።

«ይህን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ የምጠይቀው ከምን ላይ ተነስታችሁ እንደጻፋችሁት ነው። የዝውውር ቅጹ የት አለ?»

«አልተገኘም፣ ክብርት ዳኛ።»

«ይፈለግ።» ለየካቲት 11 ቀጠረች።

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር። ዚፑን አንድ ጊዜ ከፈትኩት። መሐረብ አውጥቼ መልሼ ዘጋሁት።

ኮሪደሩ ላይ እህትየው ግድግዳ ተደግፋ ለጠባቂው ስትናገር ሰማኋት። «ሦስት ሳምንት? እናቴን ሦስት ሳምንት በምን አባብዬ ላቆያት?» ጠባቂው ምን ይበል፣ «አይዞሽ» አላት።

ሦስት ሳምንት ለመሥሪያ ቤት ምንም አይደለም። በሦስት ሳምንት የሚሞት ሰው የለም። አለ እንዴ?

ሐሙስ፣ ጥር 22

እህትየው መጣች። እናትየው ሆስፒታል ገብታለች። ወንድሟ ለአንድ ሰዓት በጠባቂ ታጅቦ ሄዶ እንዲያያት ማመልከቻ አስገባች። ቅጹን ራሴ ሞላሁላት። በጥሩ ጽሑፌ።

ኃላፊው «በክርክር ላይ ያለ እስረኛ አይወጣም» ብሎ መለሰው። ያንን መልስ መስኮቱ ላይ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። አንጀቴን በላችኝ። ግን ምን አደርጋለሁ?

ምን አደርጋለሁ ብዬ ጻፍኩ። አያሳፍርም!

እሑድ፣ ጥር 25

እንግዲህ በወጉ ልጻፈው።

ቀይ እስክሪብቶው የኔ ነው። በቢሮው በቀይ የምጽፍ እኔ ብቻ ነኝ። ያን ዕለት አሥራ ስምንት እስረኛ በአንድ መኪና መጣ። ድርቤ አልነበረም፤ ሚስቱ ኦፕሬሽን የምትደረግበት ቀን ነበር። እኔ የላይኛውን ቀን አይቼ ምልክት አደረግኩ፣ ከዚያ ተነስቼ ቆጠርኩ። በእርሳስ ማቆየት ነበረብኝ። ካርድ በእርሳስ ሲያድር ኃላፊዎች አይወዱም፤ የድርቤ መቅረትም ይታወቅበታል። ስለዚህ በቀለም ጻፍኩና ፈረምኩ። ከጎኑም የሱን ፊርማ ፈረምኩለት። የሱ ፊርማ ቀላል ነው፣ አንድ ክብና አንድ ጭረት።

አሥራ ስምንቱንም እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ሌሎቹን ሰሞኑን በድብቅ አየኋቸው፤ ደህና ናቸው፣ ፍርዳቸው የተያዙበትን ቀን ስለሚጠቅስ ከዚያ ነው የቆጠርኩት። የተጣመመው የሱ ብቻ ነው።

አሁን ብናገር ፊርማ ማስመሰል ወንጀል ነው። ጡረታዬ አለ። ድርቤ ሦስት ልጆች አሉት፤ ሥራ ሳይገባ እንደገባ መቆጠሩ ይወጣበታል። ኃላፊው መልሱን ፈርሟል። እኔስ መጀመሪያ ቀን ወረቀቱን ይዤ ብሄድ «ተሳስቼ ነው» ብዬ ይበቃኝ ነበር። አሁን «ደብቄ ነው» ልል ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሉታል ይህን።

ባሌ ቦርሳዬ ውስጥ የሐኪም ካርዱን ሲፈልግ ቅጹን አገኘው።

«ይህ የመሥሪያ ቤት አይደለም እንዴ?»

«ተወው፣ አስቀምጠው።»

አስቀመጠው። ቆይቶ ሬዲዮኑን ዘጋ። ሬዲዮ ዘግቶ አያውቅም።

«እኔ መኪናውን ስገለብጥ ፍሬን ነው አልኩ አይደል?»

«አዎ።»

«ፍሬኑ ደህና ነበር። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው። ረዳቴ እጁን ያጣው በኔ እንቅልፍ ነው። እስከ ዛሬ ሰው ባገኘ ቁጥር 'ፍሬን ከዳን' ይላል፣ ለኔ እያዘነ። እሱ ሲመጣ ጓሮ የምገባው ለዚያ ነው።»

ከአደጋው ወዲህ ስድስት ዓመት አብሬው ስተኛ አልነገረኝም። ተናደድኩበት። ከዚያ በምን ሞራሌ ነው የምናደደው አልኩና ተውኩት። እሱም ምክር አልሰጠኝም፤ ሬዲዮኑን መልሶ ከፈተ።

ነገ ቅጹን እሰጣለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 26

ልሰጥ ነበር። ኃላፊው ስብሰባ ገብቷል።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ስብሰባው ዛሬም አላለቀም።

ሮብ፣ ጥር 28

ኃላፊው ነበር። ጉንፋን የያዘኝ መሰለኝ፣ በጊዜ ወጣሁ። ነገ።

ሐሙስ፣ ጥር 29

እህትየው አልመጣችም። መስኮቱን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሳልዘጋ ጠበቅሁ።

ዓርብ፣ ጥር 30

እናትየው ትናንት ንጋት ላይ አርፋለች።

ለልብስ ሰፊው የነገረው የስፌት ክፍሉ ጠባቂ ነው። እሱ እንዳወራኝ፣ ልብስ ሰፊው መርፌው ላይ እንደነበረ እግሩን ከፔዳሉ አላነሳም። «ይህችን ስፌት ልጨርስ» አለ። ጨረሰ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ከዚያ ማሽኑ ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጠባቂው ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አዝኖ ለሰው ልንገር ብሎ ነው ለኔ የነገረኝ።

ወደ ቀብርም አልሄደም። በክርክር ላይ ያለ እስረኛ አይወጣም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ጥር 14። ከጥር 14 እስከ ጥር 29 አሥራ አምስት ቀን ነው። ሥራዬ መቁጠር ነው፤ ደጋግሜ ቆጠርኩት፣ ያው ነው።

በጥር 20 ችሎት ዚፑን ከፍቼ መሐረብ አወጣሁ። መሐረብ!

ባለቅስ ይቀለኝ ነበር። አልመጣልኝም።

ሰኞ፣ የካቲት 3

ለድርቤ ነገርኩት። ሻይ ቤቱ ጥግ ወስጄ፣ ከሀ እስከ ፐ።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ፊርማዬን አንቺ ነሽ የፈረምሽው?»

«ሚስትህ ያን ቀን...»

«ሚስቴን አታንሺብኝ! ሚስቴ ናት ሰውየውን ያሰረችው? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሆነ እኮ።»

  ፊቱ አመድ መስሏል። ድርቤን እንደዚያ አይቼው አላውቅም፤ ግቢው ውስጥ ሰው የሚያስቀው እሱ ነው።

«እናትየው ሞታለች አይደል» አለኝ ቆይቶ።

«አዎ።»

«ቅጹን መቼ ነው ያገኘሽው?»

«ሰሞኑን ነው» አልኩት።

ለድርቤም ዋሸሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ስል የኖርኩ ሴት፣ በሽታዬን ግማሽ አድርጌ ነገርኩት።

«ተናገሪ» አለኝ። «እኔም አልነበርኩም ብዬ እናገራለሁ። ምን ይሆናል፣ ያባርሩን እንደሆን ነው። ሰውየው ግን ዛሬም እዚያ ነው የሚያድረው።»

ለኃላፊው ሄደን ነገርነው። ክራቫቱን ነካካ። «እትዬ፣ ምነው ዝም ቢሉ? ሦስት ወር አይደል የቀረው!» አለ። ድርቤ «አንተ ግባና ሦስት ወር ቁጠርለት» አለው። አለቃውን! ሳቄ መጣ፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ። ኃላፊው «እንግዲህ በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ፊት ትናገራላችሁ፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም» ብሎ አሰናበተን። ከዚያ በፊት ወረቀቱን ለማንም እንዳንሰጥ አስጠነቀቀን። ስምንት ቀን። እሺ ብለን ወጣን።

እሺ ማለት እንዴት ይቀለናል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ተናገርኩ።

ዳኛዋ «ቅጹ ተገኘ?» ስትል የኛ ሰው ወደኔ ዞረ። ተነሳሁ፤ አግዳሚው ተወዛወዘ።  ቅጹን አቀረብኩ። «የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ከላይኛው ቀን ተነስቼ ነው። ሁለተኛውም ፊርማ የኔ እጅ ነው። ባልደረባዬ አልቆጠረውም» አልኩ። ድርቤ ከኋላ ቆሞ «በዚያን ቀን ሥራ አልገባሁም» አለ። እዚያ ያበቃ መስሎኝ ነበር፤ ዳኛዋ ግን ጠየቀችኝ።

«ወረቀቱ መቼ ተገኘ?»

«ካለፈው ቀጠሮ በኋላ ነው፣ ክብርት ዳኛ።»

ጻፈችው። ሲጻፍ አየሁት።

ከዚያ እኛ ያልቆጠርነውን እሷ ቆጠረች። ልብስ ሰፊው ቅጣቱን ባለፈው ሰኔ 11 መጨረሱን፣ ከዚያ ወዲህ የተያዘው ያለ ሕግ መሆኑን፣ ትእዛዙ እንደደረሰ እንዲፈታ አዘዘች። የኔን ጉዳይ የሚመለከተው አካል ያጣራ አለች። ልብስ ሰፊው እጆቹን አገጣጥሞ ጎንበስ አለ። ለዳኛዋ ነው ብዬ ነበር። ቀጥሎ ወደኔ ዞሮም ጎንበስ አለ።

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ሮብ፣ የካቲት 12

ትእዛዙ ጠዋት በሦስት ሰዓት ደረሰ። ከነገ ጀምሮ ከሥራ ታግጃለሁ፣ ደብዳቤው ተሰጥቶኛል። ዛሬ ግን መስኮቱ ላይ እኔ ነኝ፤ የመፈቻ መዝገብ የሚያስፈርም ሌላ ሰው የለም።

ከመምጣቱ በፊት እኔና ድርቤ ያለ ሕግ የታሰረባቸውን ቀኖች ለየብቻችን ቆጠርን። ሁለት መቶ አርባ ስድስት። ተገናኘን። ድርቤ «አሁን ምን ያደርጋል» ብሎ ወረቀቱን ገለበጠው።

ልብስ ሰፊው የራሱን ልብስ ለብሶ መጣ። ከስቶ ሰፍቶታል። ፈረመ። ሊሄድ ሲል ቆመና፣

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰው ስህተቱን አይናገርም፤ እርስዎ ሰው ፊት ተናገሩ። እርስዎ ባይኖሩ ግንቦትን ነበር የምጠብቀው» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ባርኔጣውን ይዞ ያኔ የቆመበት ቦታ ነው የቆመው፤ ዛሬ ቀና ብዬ አየሁት።

«ወረቀቱን ያገኘሁት ጥር 14 ነው» አልኩ። «ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት። ችሎት ላይ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።»

መጀመሪያ የገባው አልመሰለኝም። ከዚያ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ይቆጥራል። አሥራ አምስት ላይ ሲደርስ ቆመ።

ይጮሃል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝም መስኮቱን አልዘጋም ነበር። መስኮቱ ጠርዝ ላይ ሁለት እጁን አሳረፈ። ጣቶቹ በመርፌ የተወጉ ናቸው።

«ለምን ነገሩኝ?» አለ።

«ማወቅ ይገባሃል ብዬ... ይገባዎታል ብዬ።»

«ለኔ ብለው ነው ለርስዎ?»

የፈረመበትን መዝገብ ዘጋሁት። 

«ለእህቴ እንዳይነግሯት» አለ። «እናቴን ስታስታምም የነበረችው እሷ ናት። ሐሙስ ሐሙስ እዚህ መጥታ ደጅ ስትጠና እናቴ ብቻዋን ነበረች። ከኛ ወገን የቆመች አንዲት ሰው እዚህ መስኮት ላይ አለች ብላ ነው እስከዛሬ የቻለችው። እሷን አይንኩብኝ። ይማሉልኝ።»

ማልኩለት።

በሩ ድረስ ሸኘሁት፤ ደንቡ ነው፣ መዝገብ ያዥ ለበሩ ጠባቂ ወረቀቱን በእጁ ይሰጣል። እህትየው ጥቁር ለብሳ ውጭ ቆማለች። ወንድሟ አንገት ላይ ተጠምጥማ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ሮጣ መጥታ ሁለት እጄን ያዘች፤ ቅንድቧ ላይ ዱቄት አለ፣ በሐዘንም ሥራ አይቀርም። እጄን ሳመችው። ላስጥላት ሞከርኩ፣ አልለቀቀችም።

«እትዬ፣ ምን ልበልዎት! ወንድሜን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። የእናቴን ነፍስ ነው ያሳረፉልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፣ የልጅ ልጅ ያሳይዎት፣ ክፉ አይንካዎት!»

ልብስ ሰፊው ከኋላዋ ቆሞ ያየኛል።

«አሜን» አልኩ።